የሞጣው ቀጥቃጭ ስም

በጡረታ በተሸኘሁበት ቀን ቢቸና ላይ ጥሩ ድግስ ተደርጎልኝ ነበር። ጋቢ አለበሱኝ፣ የምስክር ወረቀት በመስተዋት አስገብተው ሰጡኝ፣ ተማሪዎቼ የነበሩ ሰዎችም ከሩቅ መጥተው ተገኙ። መድረክ የሚመራው ወጣት መምህር ስለ እኔ ያዘጋጀውን ጽሑፍ አነበበ። በብረታ ብረት መምህርነት የት የት እንዳገለገልኩ ከዘረዘረ በኋላ ወደ ትርፍ ጊዜ ሥራዬ ዞረና፣ ያረጁ ጎራዴዎችን፣ ጋሻዎችንና የአርበኞችን ጠመንጃ እየሰበሰብኩ የማድሰው «ማንም ሳያስተምራቸው፣ በራሳቸው ጥረት ብቻ» ነው አለ። አዳራሹ አጨበጨበ።

እጄን አወጣሁ። ማይክሮፎኑ ግን ለቡራኬ ወደ ቄሱ አልፎ ነበር፤ ከቡራኬው በኋላ ደግሞ ምግብ ቀረበ። በምግብ መሀል ተነስቶ የሚናገር ሽማግሌ እንደ ጃጀ ይቆጠራል ብዬ ተቀመጥኩ። ያ ጭብጨባ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ምክንያቱም ውሸት ነው። ያስተማረኝ ሰው አለ። እዚያ አዳራሽ ከተቀመጡት መካከል ቢያንስ ሦስቱ ያውቁታል፤ አንዳቸውም ቃል አልተነፈሱም። ይህን የምጽፈው ስለዚያ ነው።

ሞጣ የተመደብኩት ገና ጢሜ በወጉ ሳይጠና ነው። የተወለድኩት የጥኖራ ነው፤ አባቴ ገበሬ ነበር፤ እኔን ግን ትምህርት ቤት አስገብቶ ብየዳና ብረት ቆረጣ ተማርኩና የቴክኒክ መምህር ሆንኩ። ደመወዙ ከቤት ኪራይና ከሽሮ ብዙ አያልፍም። ሥራውን ግን እወደው ነበር።

ወደ ጦር መሣሪያዎቹ የገባሁት እንዲሁ በአጋጣሚ ነው። አንድ ተማሪዬ ቤት ለዝክር ተጠርቼ ስሄድ የበረቱን በር የሚዘጉበት መወርወሪያ ብረት ሆኖ አየሁት። ሳነሳው የውጅግራ አፈሙዝ ነው። የልጁ አያት በጣሊያን ጊዜ የተዋጉበት ጠመንጃ ኖሯል፤ ሰደፉ ተሰንጥቆ ማገዶ ሆኗል፣ የቀረው ላም መዝጊያ ሆኗል። አናደደኝ። አንድ የብየዳ ሥራ ሠርቼላቸው በምትኩ ወሰድኩት። ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ «መምህሩ አሮጌ ብረት ይወዳል» እያለ ያመጣልኝ ጀመር። የዛገ የጦር ጫፍ፣ አፎት የሌለው ጎራዴ፣ ብል የበላው ጋሻ። የጠመንጃዎቹን መምቻ መርፌ እያስወለቅሁ፣ ፖሊስ ጣቢያ እያስመዘገብኩ በአንዲት ክፍሌ ደረደርኳቸው።

መደርደሩ ቀላል ነው። ማደሱን ግን አላውቅበትም ነበር። እኔ የተማርኩት አዲስ ብረት ቆርጦ አዲስ ዕቃ መሥራት ነው። መቶ ዓመት የኖረ ብረት ምን እንደሚፈልግ የትም አልተማርኩም። አንድ ቀን የሰደፍ ስንጥቅ በምስማር ልመታ ስል የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አየኝና ቀስ ብሎ፣ ሰው እንዳይሰማው ዙሪያውን ገልመጥ አድርጎ፣ ይህን የሚያውቅ አያ ደምለው የሚባል ሰው ከከተማው ዳር አለ፣ «ቀጥቃጭ ነው ታዲያ» አለኝ። ያችን «ታዲያ» ያላትን ቃል ልብ በሉልኝ። ሰውየው በሽታ አለበት እንደ ማለት ነው ያላት።

አያ ደምለው ያኔ ሃምሳውን ያለፉ፣ ቀጠን ያሉ፣ የቀኝ ክንዳቸው ከግራው የወፈረ ሰው ነበሩ። ከሚስታቸውና ከአንዲት ሴት ልጃቸው ጋር ከሰፈሩ ራቅ ብለው ይኖራሉ። ለገበሬው ማረሻና ማጭድ ይሠራሉ፤ እሳቸው ባይኖሩ የዚያ አካባቢ ሰው በጥፍሩ ነበር የሚያርሰው። ይሁን እንጂ ማረሻውን የሚቀበላቸው ሰው እጃቸውን አይጨብጥም። ሕፃን ያዘለች እናት ስታያቸው ነጠላዋን ልጇ ላይ ትጥላለች። «ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ይበላል» ነው ነገሩ። ሠርግ ቤት ከተጠሩም ለብቻቸው በተቀመጠ ዋንጫ ነው የሚሰጧቸው። እሳቸው ታዲያ ሰዎቹ እንዳይሸማቀቁ ብለው የራሳቸውን ዋንጫ በአገልግላቸው ይዘው ይሄዱ ነበር። ሰደቧቸው፣ እሳቸው ደግሞ ለሰዳቢዎቻቸው ኀፍረት ተጨነቁላቸው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ዳይሬክተራችን ወደዚያ መመላለሴን ሰሙና ቢሮ ጠሩኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም። የተማረ ሰው ስም በቀላሉ ይጠፋል፣ ወጣት ነህ፣ ነገ ታገባለህ፣ ሰው ምን ይላል አሉኝ። ሰማሁና ቅዳሜ ተመልሼ ሄድኩ።

አያ ደምለው አንድ አሮጌ ዕቃ ሲመጣላቸው መጀመሪያ ባለቤቱን ያስቀምጡና ይጠይቃሉ። የማን ነበር፣ የት ኖረ፣ ጭስ ቤት ነው ወይስ እርጥበት ያለበት፣ መጨረሻ የተወለወለው መቼ ነው፣ በምን። ከዚያ መደርደሪያ ላይ ያኖሩትና ሦስት ቀን አይነኩትም። እየወጡ እየገቡ ያዩታል ብቻ። እኔ ስቸኩል፣ «ሐኪምስ በሽተኛውን ሳያይ ይቀድዳል እንዴ» ይሉኝ ነበር። ሦስቱ ቀን ሲያልፍ ብረቱን በኑግ ዘይት ይነክሩታል። የላላውን ዝገት ከቀንድ በተሳለ ስንጥር፣ ጠንከር ያለውን በመዳብ ሳንቲም ጠርዝ ይፍቁታል። መዳብ ከብረት ይለሰልሳል፤ ዝገቱን እንጂ ገላውን አይቧጭርም። ሞረድ በአሮጌ ስለት ላይ ሲያነሱ አይቼ አላውቅም። የተሰነጠቀ ሰደፍ ሲሆን ስንጥቁን በዋንዛ እንጨት ስንጣሪ ሞልተው፣ እርጥብ ጥሬ ቆዳ ዙሪያውን ጠፍረው ጥላ ውስጥ ያኖሩታል። ቆዳው ሲደርቅ ይጨመደድና እንጨቱን እንደ ጉጠት ጨምድዶ ይይዘዋል። ምስማር አያስፈልግም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ትንፋሻቸው ነው። የጎራዴውን ገላ ወደ ብርሃን ያዘነብሉና «ሃህ» ብለው ይተነፍሱበታል። ብረቱ ይጨግጋል። ጭጋጉ ሲጠፋ በዓይን የማይታይ ጽሑፍ ካለ እዚያ ላይ ዘግየት ይላል፤ ለአንድ አፍታ ፊደሉ ብቅ ብሎ ይጠፋል። «ዝገት ሁሉ ጠላት አይደለም፤ አንዳንዱ የተጻፈውን የሸፈነ ልብስ ነው» ይሉ ነበር። ፊደል አልቆጠሩም። ከፊደል ቆጣሪዎቹ ሁሉ ይልቅ ግን ለፊደል የተጠነቀቁት እሳቸው ነበሩ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ወይዘሮ ስመኝ የሚባሉ አሮጊት ከጉንደ ወይን አንድ ጎራዴ ይዘው መጡ። አባታቸው በጣሊያን ጊዜ ዓባይ በረሃ ወርደው አልተመለሱም። አስከሬናቸው አልተገኘም፤ መቃብር የላቸውም። ጓደኞቻቸው ያመጡት ይህን ጎራዴ ብቻ ነው። ከእጀታው በታች ስማቸው በግዕዝ ፊደል ተቀርጿል። ወይዘሮ ስመኝ ማንበብ አይችሉም፤ በልጅነታቸው እናታቸው ጣታቸውን ይዛ ፊደሉን እያስነካች «ይኸ አባትሽ ነው» ትላቸው ነበር። አሁን ዝገቱ ስሙን እየሸፈነው ስለሄደ ጣታቸው አላገኘው አለ። «አባቴን አውጡልኝ» ነው ያሉን።

አያ ደምለው ጎራዴውን ተቀብለው እንደ ልማዳቸው ሦስት ቀን አኖሩት፤ ከዚያ ዘይት ውስጥ ነከሩት። በዚያው ሰሞን የጁቤ ያለች የሚስታቸው እህት አረፈችና ለቅሶ ሊሄዱ ተነሱ። ሲሄዱ ቁልፉን ለእኔ ሰጡኝና፣ ዘይቱን ጨምርበት፣ እጅህን ግን አታሳርፍበት አሉኝ።

በትምህርት ቤታችን የወላጆች ቀን ደርሶ ነበር። እንግዶች ይመጣሉ፣ የተማሪዎች ሥራ ይታያል፤ እኔም ከተማሪዎቹ ሥራ ጎን ያደስኳቸውን መሣሪያዎች ላሳይ አስቤያለሁ። ያ ጎራዴ ቢኖርበት አልኩ። አያ ደምለው በሦስት ሳምንት የሚሠሩትን እኔ በአንድ ከሰዓት እሠራዋለሁ አልኩ። የተማርኩ ነኛ። ጎራዴውን ከዘይቱ አውጥቼ ወርክሾፕ ወሰድኩትና ግራይንደሩ ላይ የሽቦ ብሩሽ ገጥሜ አስነሳሁት።

ዝገቱ እንደ ጉድ ለቀቀ። ብረቱ ሲያበራ ደስ ብሎኝ አሻሸሁት፣ ደገምኩት፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት። መስተዋት አከለ። ፊቴን አየሁበት። ከዚያ ስሙን ልፈልግ ወደ እጀታው ሥር አዘነበልኩት። የለም። እንደ አያ ደምለው ተነፈስኩበት። ጭጋጉ መጣና እኩል ሄደ። የትም አልዘገየም። ዳግመኛ ተነፈስኩ። እየደጋገምኩ ተነፈስኩበት። የሰው ስም፣ በምድር ላይ የቀረው ብቸኛ ስም፣ አቧራ ሆኖ ሸሚዜ ላይ ነበር።

አያ ደምለው ከለቅሶ ሲመለሱ ነገርኳቸው። ጎራዴውን ተቀብለው ብዙ ጊዜ አዩት። አልተቆጡም። ዘይት ቀብተው በጨርቅ ጠቀለሉት፤ ባለቤቲቱን እንዴት እንደምናያቸው እናስባለን ብቻ አሉ። ለማሰብ ግን ጊዜ አላገኘንም። በማግስቱ የወይዘሮ ስመኝ የወንድም ልጅ፣ ጉልበታም ጎልማሳ፣ ከሁለት ሰዎች ጋር ሊወስደው መጣ። ጨርቁን ገለጠው። ስሙን ፈለገ። ወደ እኔ አልዞረም፤ በሐሳቡም አልመጣሁበትም። በቀጥታ አያ ደምለውን፣ የአያቴን ስም የት አደረስከው፣ ሸጥከው ወይስ በላኸው እያለ ጮኸባቸው።

እኔ እዚያው ወናፉ አጠገብ ቆሜያለሁ።

አያ ደምለው አንድ ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ወደ ሰውየው ዞረው፣ «ዕቃው እኔ ቤት ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ።

አልተናገርኩም። ምላሴ የታሰረ አልነበረም፣ አልታመምኩም፣ ማንም አላስፈራራኝም። ለስሜ ነው የፈራሁት። ዳይሬክተሩ ነገ ስታገባ ያሉኝን ነው ያሰብኩት። ሌላውን ሰው በዚህ ጽሑፍ ስወቅስ ራሴን እየዘለልኩ እንዳይመስላችሁ፤ ከሁሉም በፊት የምናደደው በዚያ ወናፍ አጠገብ በቆመው ወጣት ነው።

አራት ቀን ዝም አልኩ። በአራት ቀን ውስጥ ወሬው ሞጣን አዳረሰ። ስም የሚበላ ቀጥቃጭ ተባሉ። ማረሻ ሊያሠራ የመጣ ገበሬ ከመንገድ ተመለሰ። ከሰፈሩ አንድ ሕፃን ሲያተኩሰው እሳቸው ናቸው ተባለ። ልጃቸውን ትምህርት ቤት መንገድ ላይ በድንጋይ መቷት፤ እኔ በማስተምርበት ግቢ ግንባሯ በጨርቅ ታስሮ ሳያት ነው የነቃሁት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሰንበቴ ማኅበርተኞች ከቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሳለ ተነስቼ ቆምኩና ሁሉንም ተናገርኩ። ጎራዴውን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ግራይንደር ያስነሳሁት እኔ ነኝ፣ አያ ደምለው በአገሩም አልነበሩም አልኩ። ከዚያ ከሁሉ የሚከበሩት ሽማግሌ መቋሚያቸውን ተደግፈው መለሱልኝ።

«መምህር፣ ልብህ ደግ ነው። ድሀ ሰው ለማዳን ብሎ የሚዋሸውን እግዚአብሔር ይቅር ይለዋል።»

ማልሁ። ወርክሾፑን መጥታችሁ እዩ አልኩ። አንዱ ጉድ ነው፣ የቀጥቃጩ ዓይን ይሄን ያህል ይዞታል እንዴ ብሎ በሐዘን ራሱን ነቀነቀ። እውነቱን ስናገር አላመኑኝም፤ ዝም ባልኩ ጊዜ ግን አምነውኝ ነበር። እነዚህ ጨዋ ሰዎች ናቸው። የሚጾሙ፣ የሚመጸውቱ፣ ቅኔ ሰምተው ሰሙን ከወርቁ የሚለዩ ሰዎች ናቸው። እሳት ፊት የሚሠራ ሰው እንደ እነሱ ሰው መሆኑን ግን መለየት አቃታቸው።

በሳምንቱ ጉንደ ወይን ሄጄ ለወይዘሮ ስመኝ ራሴ ነገርኳቸው። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አዳመጡኝ። ስጨርስ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ሰውየውስ ምን አለ?»

«ጥፋቱ የእኔ ነው አሉ።»

«አንተ የአባቴን ስም ፋቅህ» አሉ። «እሱ ደግሞ የራሱን ስም ለአንተ ጣለልህ። በል ሂድ፤ እሱን ካስክ እኔን እንደ ካስክ ይቆጠርልሃል።»

ያመኑኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ለወንድማቸው ልጅ ነገሩት፤ እሱ ግን አሮጊቷንም በድግምት አዞሩባት አለ አሉ።

ክረምቱ ሳይገባ አያ ደምለው ሞጣን ለቀው ወደ የጁቤ፣ ወደ ሚስታቸው ዘመዶች ሄዱ። ብረት የሚቀጠቅጡበትን መስፋቸውን አህያ ላይ ስንጭን እንኳ ከጎረቤት አንድ ሰው ወጥቶ አላገዘም። እኔም በዓመቱ ወደ ቢቸና ዝውውር ጠየቅኩና ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ዓመት በወር አንድ ጊዜ፣ አንዳንዴም ሁለት ጊዜ፣ ያንን አቧራማ መንገድ በአሮጌ መኪና እየተንገጫገጭኩ የጁቤ እመላለስ ነበር። ዛሬ የማውቀውን አብዛኛውን የተማርኩት እዚያ ነው። የጋሻ ቆዳ ብል ሲገባው እንዴት እንደሚታከም፣ የተጣመመ ስለት እሳት ሳይነካ እንዴት እንደሚቃና፣ አፎት ከየትኛው ቆዳ እንደሚሰፋ። አንድ ቀን ድፍረቴ መጥቶ ለምን ጥፋቴን እንደ ወሰዱ ጠየቅኳቸው። እጃቸው ሥራ ላይ ነበር፤ ቀና ሳይሉ መለሱልኝ።

«እኔ ላይ የተደፋ ብዙ ነው፤ አንድ እፍኝ ቢጨመር አይታወቅም። አንተ ላይ ግን ይታይ ነበር።»

ይህን ሲሉ ምሬት አልነበራቸውም። እኔ ግን ወጥቼ ግንቡን ተደግፌ ቆምኩ። ሰው እንዲህ ያለ ሒሳብ እንዲያስብ ያስተማረ አገር ምን ዓይነት አገር ነው?

አያ ደምለው ካረፉ ቆይተዋል። ቀብራቸው ላይ የተገኘነው አስከሬኑን ተራ በተራ ለመሸከም እንኳ አልበቃንም። ልጃቸው ይታይሽ ግን ተምራ ነርስ ሆነች፤ ቢቸና ተመድባ ትሠራለች። ሲስተር ይታይሽ ይሏታል፤ የግንባሯን ጠባሳ ሻሽ ይሸፍነዋል።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አንድ መሥሪያ ቤት የአርበኞችን መሣሪያዎች በቢቸና ለሕዝብ ለማሳየት አሰበና ስብስቤን እንዳውሰው ጠየቀኝ። ቤቴ የመጣው ባለሙያ ላፕቶፕ የያዘ ትሑት ወጣት ነበር። መጀመሪያ ጋሻዎቹን ቫርኒሽ እንቀባቸው አለ፤ ከዚያ በፊት እኔን ቀባኝ አልኩት። ከእያንዳንዱ ዕቃ ሥር የሚለጠፈውን ጽሑፍ ሲያሳየኝ የባለቤቱ ስም፣ ያበረከተው ሰው ስም፣ የአስተባባሪው ስም አለበት። ያደሰው ሰው የለም። አያ ደምለውን ጻፍልኝ፣ «ቀጥቃጭ» ብለህ ጻፍልኝ አልኩት። ፈራ ተባ እያለ፣ ቃሉ ለኢሜጅ አይመችም፣ «በአካባቢ ባለሙያ» እንበለው አለኝ። ጎራዴ ይዞ ሰው የገደለው ስሙ ከነማዕረጉ ይጻፋል፤ ጎራዴውን ከሞት ያስነሳው ግን «የአካባቢ ባለሙያ» ነው። አለቃው ዘንድ ሄድኩ፣ ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ደጅ ጠናሁ፣ መሣሪያዎቼን አላውስም ብዬ ዛትኩ። ሦስት ሳምንት ተከራክሬ አሸነፍኩ። ስማቸው ሙሉ ሆኖ ከነሙያቸው ሊጻፍ ተስማሙ።

ደስታዬን ይዤ በቀጥታ ሲስተር ይታይሽ ቤት ሄድኩ። ከሥራ ገብታ እግሯን ለብ ባለ ውኃ ነክራ ነበር። ስነግራት ፊቷ ይበራል ብዬ ጠበቅሁ። ውኃውን ታይ ጀመር።

«ጋሼ፣ አይጻፉት» አለችኝ።

ያልሰማችኝ መስሎኝ ደገምኩላት። ሰምታኛለች። የመጀመሪያ ልጇ መታጨቷን፣ የእጮኛዋ ወላጆች የሞጣ ሰዎች መሆናቸውን፣ ዘር ሲጠይቁ እሷ የየጁቤ ገበሬ ልጆች ነን ማለቷን ረጋ ብላ ነገረችኝ። ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። ያ ጽሑፍ ከተለጠፈ በሳምንት ሞጣ ይደርሳል።

«አባትሽ ናቸው እኮ» አልኳት።

«አባቴን ከእኔ በላይ አይወዱትም» አለችኝ። «እርስዎ ስሙን ጽፈው ቤትዎ ይገባሉ። በስሙ የምትኖረው ልጄ ነች።»

ድሮ በዝምታዬ ግንባሯን አስፈነከትኳት፤ አሁን ደግሞ በንግግሬ የልጇን ትዳር ላፈርስባት ነው። በእሷ መቆጣት አልቻልኩም። እሷን እንዲህ ብላ እንድትለምነኝ ባደረጓት ሁሉ፣ በዛፉ ሥር ባሉት ሽማግሌዎች፣ በዳይሬክተሩ፣ በነጠላ ጣዮቹ፣ በራሴም ተቆጣሁ። እየተቆጣሁም «እሺ ልጄ» አልኳት።

በማግስቱ ወጣቱ ባለሙያ ዘንድ ሄጄ ስሙን እንዲያወጣው ነገርኩት። እፎይ ሲል አየሁት። «በአካባቢ ባለሙያ እንበለው ታዲያ?» አለኝ። አትበለው አልኩት። የእኔንም ስም እንዳታስገባ፣ «ያደሰው» ብለህ ቦታውን ባዶ ተወው። እንዲያው ሆኖ ታተመ። በመክፈቻው ዕለት ሰው እየተጋፋ አየ፤ ማተሚያ ቤቱ ስህተት ሠርቷል ብሎ የነገረኝም አለ። ባለሥልጣኑ ሪባን ቆረጡ፣ እኔ ማዶ ቆሜ አየሁ።

ሰርጉ ደርሷል። ተጠርቻለሁ፤ እሄዳለሁም፤ ስለ ሙሽሪት አያት ቢጠይቁኝ ጥሩ ገበሬ ነበሩ እላለሁ። ይህን የምታነቡ ሰዎችም አንድ ነገር እወቁልኝ። ደምለው የሚለውን ስም ለዚህ ጽሑፍ ብዬ የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ ይታይሽ የሚለውንም እንዲሁ። የእሳቸውን እውነተኛ ስም ከእኔ ሌላ የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው፤ እኛም አንድ በአንድ እያለቅን ነው።